ለእግር የደም ዝውውር የኦክስጅን ክፍል ይጠቅማል? አባቴ ቀብድ ሊከፍሉ ነው

የቴዎድሮስ አደባባይ ጎረቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ስኳር ካገኛቸው ቆይቷል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ፣ ሲጋራ ደግሞ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አልተዉም። ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ እስከ ፒያሳ በእግር መውጣት የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አብሬያቸው ስወጣ አንድ ነገር ታዘብኩ። ትንሽ እንደሄድን ከባህል ዕቃ መሸጫ ሱቅ ፊት ይቆማሉ። መሶቡን ያያሉ፣ ከበሮውን ያያሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ። ደግሞ ጥቂት ሄደን ሌላ ሱቅ። በሕይወታቸው መሶብ ገዝተው የማያውቁ ሰው ናቸው! አጥብቄ ስጠይቃቸው "ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፣ ቆም ስል ይለቀኛል" አሉኝ።

አንድ ወዳጃቸው ስታዲየም አካባቢ ወዳለ የጤናና የውበት ማዕከል ወሰዷቸው። እዚያ በአየር የሚነፋ፣ ዚፕ ያለው ረጅም ከረጢት ውስጥ አስተኝተው ኦክስጅን ይሰጣሉ። ሃይፐርባሪክ (በከፍተኛ የአየር ግፊት ኦክስጅን መስጠት) ይባላል፤ የተዘጋ የደም ሥር ይከፍታል፣ ስኳርም ያወርዳል ብለዋቸዋል። ጥቅሉ ሃያ ጊዜ ሲሆን ግማሹ በቅድሚያ ይከፈላል። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ የአባቴ የብዙ ወር ጡረታ ተጠራቅሞም አይደርስበትም። እግራቸውን ግን ማንም አልዳሰሰም። ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነም የጠየቃቸው የለም። ከመክፈላቸው በፊት የምታውቁ ንገሩኝ።

የቁስል ክፍል ነርስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ እነዚህን መልሺልኝ። ተኝተው ሳለ ያማቸዋል? ሌሊት እግራቸውን ከአልጋው ወደ ታች ካላንጠለጠሉ እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል? ጣታቸው ወይም ተረከዛቸው ላይ ቁስል፣ የጠቆረ ቆዳ አለ?

የቴዎድሮስ አደባባይ ጎረቤት፦

ቁስል የለም፣ ካልሲያቸውን አስወልቄ አይቻለሁ። ተኝተው አያማቸውም። ሲሄዱ ብቻ ነው፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ በተለይ ቀኝ ባታቸውን።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ገንዘቡን ያዙት። ከረጢት ውስጥ ተኝቶ የደም ሥር ሲከፈት አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

የቁስል ክፍል ነርስ፦

ጋሼ ባጭሩ ጨርሰውታል፤ እኔ ትንሽ ላስረዝመው።

ሲሄዱ ባት የሚይዝና ሲቆሙ በጥቂት ደቂቃ የሚለቅ ሕመም በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው የደም ቅዳ (ከልብ ወደ አካል ደም የሚወስደው ሥር) መጥበብን ነው። ስኳር፣ ግፊትና ሲጋራ አንድ ላይ ሲገኙ ጥርጣሬው ይበረታል። ደም አይዞርልኝም ብሎ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ሁሉ ግን ይህ ችግር የለበትም። አንዳንዱ የደም መልስ (ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር) ችግር ነው ያለበት፤ እግሩ ሲመሽ ያብጣል፣ ከፍ አድርጎ ሲያስቀምጠው ይቀለዋል፣ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ቆዳው እየጠቆረ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ስኳሩ ነርቩን ጎድቶት ሌሊት ያቃጥለዋል፣ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለዋል፣ ጫማው ከእግሩ ሲወልቅ እንኳ አይታወቀውም። የሦስቱም ሕክምና የተለያየ ነው። ሦስቱንም አንድ ከረጢት ያድናል የሚል ሰው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አልፈለገም ማለት ነው።

የሚለየው ምርመራ ቀላልና ሕመም የሌለው ነው። በክንድና በቁርጭምጭሚት ላይ የደም ግፊት ይለካና የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ይካፈላል። ከ1.0 እስከ 1.4 ደኅና ነው። 0.90 እና ከዚያ በታች ከሆነ የደም ቅዳው ጠቧል ይባላል። ከ1.4 በላይ ከወጣ ጥሩ ነው ብላችሁ እንዳትደሰቱ፤ ስኳር ለብዙ ዓመት ያለባቸው ሰዎች የደም ቅዳቸው ግድግዳ ስለሚደነድን መለኪያው ሊያሳስት ይችላል፣ ያኔ የአውራ ጣት ግፊት ይለካል። ጄል ቀብተን ትንሿን የዶፕለር መሣሪያ ስናስጠጋ የደሙ ድምፅ ይሰማል። ጤነኛ እግር ላይ ድምፁ ሦስት ቦታ የተከፈለ፣ ጠንከር ያለ ነው። የጠበበው ላይ አንድ የተጎተተ ድምፅ ብቻ ይሰማል። የለመደ ጆሮ ቁጥሩ ሳይሰላ ይገምተዋል።

እስከዚያው ግን በጨው የተሞላ ሙቅ ውኃ ውስጥ እግር መንከር ይቅር። ስሜቱ በደነዘዘ እግር ላይ ስንት ቃጠሎ አጥበናል! ወጌሻም አይሽ።

ሰባራ ባቡር፦

ሁላችሁም ትቃወማላችሁ፣ እኔ ግን ያየሁትን ልናገር። አጎቴ ውጭ አገር ልጁ ጋ ሄዶ የእግሩ ቁስል በዚህ ሕክምና ነው የዳነው። ጣቱ ይቆረጣል ተብሎ ነበር። መጀመሪያ በባሉን (የደም ሥር ውስጥ ገብታ በምትነፋ ትንሽ ፊኛ) የደም ሥሩን ከፈቱለት፣ ከዚያ ብዙ ሳምንት በየቀኑ የኦክስጅን ክፍል እየገባ ቁስሉ ተዘጋ። ዛሬ በሁለት እግሩ ቆሞ ይሄዳል። ስለዚህ ውሸት ነው አትበሉ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

ወንድሜ፣ ውሸት ነው የሚል የለም። አጎትህ ቁስል ነበረባቸው፣ የደም ቅዳቸውም አስቀድሞ ተከፍቶላቸዋል። የእህታችን አባት ቁስል የላቸውም፣ ደም ቅዳቸውንም ገና ያየው የለም።

ኦክስጅን በደም ውስጥ የሚጓዘው በአብዛኛው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ተያይዞ ነው። በፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟው ጥቂት ነው፤ በባሕር ወለል ተራ አየር ስንተነፍስ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 0.3 ሚሊ ሊትር ገደማ። የአየሩን ግፊት ወደ 3 አትሞስፌር (በባሕር ወለል ካለው ሦስት እጥፍ) አድርሶ ንጹሕ ኦክስጅን ማስተንፈስ ይህን መጠን ወደ 6 ሚሊ ሊትር ገደማ ያሳድገዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቡሬማ የተባለው የአምስተርዳም ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ሙከራ የአሳማዎችን ቀይ የደም ሕዋስ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ አስወግዶ በግፊት ክፍል ውስጥ በሕይወት አቆይቷቸዋል። በከሰል ጭስ ለታፈነ ሰው (በቀዝቃዛ ሌሊት በር ዘግተው ከሰል የሚያነዱ ቤተሰቦቻችንን አስቡ)፣ ከባሕር ጥልቀት በፍጥነት ለወጣ ጠላቂ፣ በካንሰር የጨረር ሕክምና ለተጎዳ አካል እውነተኛ ሕክምና ነው።

ወደ እግር ስንመጣ ማስረጃው ያለው ስለ ስኳር ቁስል ነው፣ እሱም የተከፋፈለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የስዊድን ጥናት 94 የቆየ የእግር ቁስል ያለባቸውን የስኳር ታማሚዎች አየ። በዓመቱ እውነተኛውን ሕክምና ካገኙት 52 በመቶ ቁስላቸው ሲድን፣ በግፊት ክፍሉ ተራ አየር ከተነፈሱት የዳነላቸው 29 በመቶ ነበሩ። ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኔዘርላንድስ ጥናት ደግሞ የደም ቅዳ ጥበትም ቁስልም ያለባቸውን 120 ሰዎች ወስዶ ከተለመደው ሕክምና ጋር አወዳደረ፤ ቁስል በመዳንም ሆነ እግር ከመቆረጥ በመትረፍ አስተማማኝ ልዩነት አላገኘም። ለግፊት ክፍሉ ከተመደቡት ሲሶ ያህሉ ሕክምናውን አልጨረሱትም፤ በየቀኑ መመላለስ ለታመመ ሰው ቀላል አይደለምና።

ሲሄዱ ብቻ ባታቸውን ለሚይዛቸው ሰዎች ግን ይህን ሕክምና የሚመክር መመሪያ አላውቅም። የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን ሜዲኬር ለስኳር ቁስል የሚከፍለው ቁስሉ ጥልቅ ሆኖ በተለመደው ሕክምና ለ30 ቀናት ለውጥ ካላሳየ ነው። ሥር የሰደደ የእጅና የእግር ደም ዝውውር ማነስን ግን ከማይከፍልባቸው ችግሮች ዝርዝር ውስጥ ለይቶ ጽፎታል።

ጡረተኛው መምህር፦

ዶክተር፣ እኔ እንደገባኝ ሮቶው አፉ ድረስ ቢሞላም ወደ ቤት የሚወርደው ቧንቧ ከተደፈነ ማድጋዬ ባዶዋን ታድራለች።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

ጋሼ፣ ከሞላ ጎደል። ጨርሶ ካልተደፈነና የምትንጠባጠብ ነገር ካለች ግን በኦክስጅን የበለጸገው ደም ቁስሉ ዙሪያ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ለዚህ ነው በደንብ የሚሠሩ ማዕከላት አስቀድመው በቁስሉ ዙሪያ ቆዳ ላይ የኦክስጅኑን መጠን የሚለኩት፣ ክፍሉ ውስጥም ደግመው የሚለኩት። ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ታማሚውን ያሰናብታሉ። የጠበበውን የሚያሰፋ ግን ባሉን ወይም ቀዶ ሕክምና ነው።

መሣሪያ ጠጋኝ፦

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ነው ሥራዬ። ያስደነቀኝ ዚፕ ያለው ከረጢት መሆኑ ነው።

እነዚህ የሚነፉ ከረጢቶች ማስታወቂያቸው ላይ 1.3 አትሞስፌር ይላል። የከረጢቱ ማስተንፈሻ ግን የሚያውቀው ከውጭው አየር በላይ ስንት እንደተጨመረ ብቻ ነው፤ 0.3 ገደማ ሲደርስ ይከፈትና ትርፉን ያስወጣል። ድምሩ 1.3 የሚሆነው የውጭው አየር 1 በሆነበት፣ ማለትም በባሕር ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአየሯ ግፊት 0.76 ገደማ ነው። 0.76 ላይ 0.3 ጨምሩበት፤ 1.06። ስታዲየም አጠገብ ከረጢት ውስጥ የተኙት አባታችን ያገኙት ግፊት የጅቡቲ ወደብ ሠራተኛ በነጻ ከሚያገኘው እምብዛም አይበልጥም።

ጭምብል አድርገውላቸው ከሆነ የሚተነፍሱት ኦክስጅን ይጨምራል፣ እሱን አልክድም። ሐኪሞቹ የሚናገሩለት ሕክምና ግን ከ2 እስከ 2.5 አትሞስፌር ነው፣ አንዱ ዙርም አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ያን ግፊት ጨርቅና ዚፕ አይችለውም፤ ብረት ወይም ወፍራም አክሪሊክ ይፈልጋል።

ዋናው የብረት ክፍል ቢመጣ እንኳ ከፍታችን መታሰብ አለበት። ባሕር ዳር አገር ላይ 2 አትሞስፌር ለማግኘት መለኪያው 1 ሲያሳይ ይበቃል። እዚህ መለኪያው ወደ 1.24 መድረስ አለበት። የውጭውን መመሪያ ሳያስተካክል እንዳለ የሚከተል ሰው መጠኑን አጉድሎ እየሰጠ ነው፣ ታማሚውም አያውቅም። ስለዚህ እህቴ፣ ማዕከሉን ጠይቂልን፦ ግፊቱ ስንት ነው፣ የተለካውስ ከውጭው አየር በላይ ነው ወይስ ጠቅላላው? ጥያቄው ካልገባቸው መልሱን አግኝተሻል።

ጡረተኛው መምህር፦

ታዲያ በባቡር ጅቡቲ ወርጄ ዘመድ ጠይቄ ብመለስ ይረክሰኛላ!

ሰባራ ባቡር፦

ጋሼ፣ በሐምሌ እንዳይሞክሩት። ኦክስጅኑ ሳይደርስልዎ ሙቀቱ ይቀድማል።

ጤና በእጃችን፦

በማያውቁት ነገር ሰውን ማስፈራራት ያሳዝናል። ኦክስጅን የተፈጥሮ ስጦታ ነው፣ የጎንዮሽ ጉዳት የለውም፣ መድኃኒትም አይደለም። ደንበኞቻችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እግራቸው ሲሞቅ ይሰማቸዋል። ሐኪሞች ግን የሚያውቁት ክኒንና መቁረጥ ብቻ ነው። ማንም መጥቶ በነጻ መሞከር ይችላል።

ጡረተኛው መምህር፦

"ደንበኞቻችን" ካልክ ሱቁ የማን እንደሆነ አብረህ ብትነግረን ጥሩ ነበር።

የቁስል ክፍል ነርስ፦

የጎንዮሽ ጉዳት የለውም ለሚለው መልስ መስጠት ግዴታዬ ነው፣ ሰው አንብቦ ይሄዳልና።

በጣም የተለመደው የጆሮ ጉዳት ነው፤ ግፊቱ ሲጨምር ጆሮውን ማመጣጠን ያልቻለ ሰው ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል። ሳንባው አየር አምልጦት ያልታከመ ሰው ፈጽሞ መግባት የለበትም። በከፍተኛ ግፊት ኦክስጅን አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያስከትላል። ብዙ ዙር የወሰዱ ሰዎች የሩቅ እይታቸው ለጊዜው ይደበዝዛል። እኛን የሚመለከተን ደግሞ ይህ ነው፦ ስኳር ያለበት ሰው ክፍሉ ውስጥ ሳለ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፣ ስለዚህ ከመግባቱ በፊት ይለካል። "ስኳርም ያወርዳል" ብለው እንደ በረከት የነገሯችሁ ኢንሱሊን ወግቶ ቁርሱን ሳይበላ ለገባ ሰው አደጋ ነው።

እሳቱን ሳልረሳ። ኦክስጅን በበዛበት ቦታ ትንሽ ፍንጣሪ ትበቃለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ሚላኖ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የግፊት ክፍል ተቃጥሎ ውስጥ የነበሩት 11 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል፤ ምክንያቱ ወደ ውስጥ የገባ የእጅ ማሞቂያ ነው ተብሏል። ደንበኛ ማዕከል ልብስ ያስቀይራል፣ ቅባት ያስጠርጋል፣ ስልክና መለኮሻ ያስረክባል። አባትሽን ኪሳቸውን ፈተሿቸው?

የቴዎድሮስ አደባባይ ጎረቤት፦

ያን ቀን ሙከራ ብለው ካልሲያቸውን እንኳ ሳያስወልቁ ነው ያስገቧቸው። መለኮሻቸው ከሸሚዛቸው ኪስ ተለይቶ አያውቅም። ይህን ሳነብ ሰውነቴ ራደ።

አራት ኪሎ ነዋሪ፦

ይለካ የምትሉት የት ነው የሚለካው? መንግሥት ሆስፒታል ወረፋው አይገፋም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

የስኳር ክትትል ያላቸው ከሆነ ክትትል ከሚያደርጉበት ይጀምሩ፤ እግር ማየት የክትትሉ አካል ስለሆነ ካላዩላቸው ካልሲያቸውን አውልቀው "እዩልኝ" ይበሉ። ዶፕለር አልትራሳውንድ በግል የምስል ምርመራ ማዕከላትም ይሠራል፣ ወጪው ከዚህ ጥቅል ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም። ወረፋ የማይጠበቅበት ሁኔታ ደግሞ አለ፦ እግር በድንገት ከነጣ፣ ከቀዘቀዘ፣ ሕመሙም ከበረታ ወይም መንቀሳቀስ ካቃተው በሰዓታት ውስጥ የሚወሰን ነገር ስለሆነ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

የቴዎድሮስ አደባባይ ጎረቤት፦

ለሁላችሁም ምስጋና ይድረሳችሁ። ቀብዱ አልተከፈለም። ማዕከሉ ደውዬ የመሣሪያ ጠጋኙን ጥያቄ ስጠይቅ ልጅቷ "ግፊቱ ጥሩ ነው" አለችኝ፣ ከዚያ ለኃላፊ አቀብላኝ ስልኩ ተዘጋ።

አባቴ ተለኩ። ቀኝ እግራቸው 0.64፣ ግራው 0.88። በዶፕለር አልትራሳውንድ የቀኝ ጭናቸው የደም ቅዳ ጠቦ ታየ፣ ግን ጨርሶ አልተዘጋም። ሐኪሙ ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንስ) እና ክሎፒዶግሬል (ደም እንዳይረጋ የሚረዳ) ጀመሩላቸው። ሲሎስታዞል የሚባል የእግር ጉዞ የሚያራዝም መድኃኒትም አለ፣ ግን የልብ ድካም ላለበት ሰው ስለማይሰጥ መጀመሪያ ልባቸው በአልትራሳውንድ ይታያል ብለዋል። ባሉኑ ለጊዜው አያስፈልግም፣ እየተራመዱ እንይ አሉ።

ይኼኔ ነው አባቴ የተቆጡት። "ስራመድ ነው የሚያመኝ ብዬ ብመጣ መድኃኒቱ መራመድ ነው ትሉኛላችሁ? ያኛው ቢያንስ ያስተኛኛል!" የጎረቤት ሰው እስኪሰማ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

ቁጣቸው ይገባኛል፣ ሁሉም ታማሚ ይህንኑ ይለኛል። ግን ስለ እግር ደም ቅዳ ጥበት ካሉን ማስረጃዎች ጠንካራው ይኸው ነው። ንገሪያቸው፦ ሕመሙ መካከለኛ እስኪሆን ይራመዱ፣ ይቁሙ ወይም ይቀመጡ፣ ሲለቃቸው ይቀጥሉ። በአንድ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ለሦስት ወር። በሕመሙ ውስጥ መራመድ እግሩን አይጎዳውም፤ ጡንቻው ያለችውን ኦክስጅን አብቃቅቶ መጠቀም ይለምዳል። ቁስል ከወጣ ግን ይቁምና ይታይ። ሲጋራውን ካልተዉ ደግሞ እኔም፣ ክኒኑም፣ ባሉኑም ብዙ አንረዳቸውም።

የቴዎድሮስ አደባባይ ጎረቤት፦

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ጀምረናል፤ መቀመጫም አለው፣ ሱቅ ፊት ቆሞ ዋጋ መጠየቅ ቀርቷል። በሲጋራው ላይ ክርክራችን አላለቀም።

አራት ኪሎ ነዋሪ፦

ከክሩ ሳልወጣ አንድ ጥያቄ ልጨምር። እናቴ እግሯ ሲመሽ ያብጣል። ፋርማሲ ያለውን አጥባቂ ካልሲ ልግዛላት?

የቁስል ክፍል ነርስ፦

ሳይለካ አትግዢ። ለደም መልስ ችግር ካልሲው ዋና ሕክምና ነው፣ ደም ቅዳዋ በጣም የጠበበ ከሆነ ግን ያለችውንም ደም ያንቃል። እብጠቱ በአንድ እግር ነው ወይስ በሁለቱም? በአንዱ ብቻ በድንገት የመጣ ከሆነ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ትታይ።

አራት ኪሎ ነዋሪ፦

በሁለቱም ነው፣ ከቆየ። የግፊት መድኃኒቷ ከተቀየረ ወዲህ ባሰ።

የቁስል ክፍል ነርስ፦

እንግዲያው መድኃኒቶቿን ከነካርቶናቸው ይዘሽ ሂጂ። አምሎዲፒን ካለበት እሱ ራሱ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ ግን ሐኪሟ ሳያውቅ እንዳታቋርጥ።